ብቸኛ የሌለው ነገር ለቀዳሚ ምን ያደርግለታል

ትሕትና ከምድር ላይ ጠፍቷል የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች የእኛን ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ አላዩም። ቢያዩ ኖሮ አፋቸውን ይዘው ይመለሱ ነበር። እዚያ ፎቅ ላይ ሁለት ታላላቅ ድርጅቶች በር ለበር ተፋጠው ተቀምጠዋል፤ አንዳቸውም አንድ ቀን እንኳ የራሳቸውን ሐሳብ ከጎረቤታቸው ሐሳብ አስበልጠው አያውቁም። ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለው ትእዛዝ ለእነሱ አንሷቸዋል። አልፈውት ሄደው ራሳቸውን ባልንጀራቸውን አድርገዋል።

እኔ በዚሁ ሕንፃ ምድር ቤት ልብስ እሰፋለሁ። ትምህርቴ ፊደል ከመቁጠር ብዙም አልዘለለም፤ የተጻፈ ነገር ሲሰጡኝ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ነው የምደርስበት። ስለዚህ ከዕውቀት አላወራም። ማን ያውራ የነበረ ስለሚባል፣ ነበርኩና አወራለሁ።

ሁለቱም ድርጅቶች የሚሠሩት ብራውዘር ነው። ብራውዘር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው እኔ እንደገባኝ ልንገረው። ኢንተርኔት ትልቅ ገበያ ቢሆን፣ ብራውዘር የገበያው በር ነው። ሰው ገበያ የሚሄደው ለዕቃው ነው እንጂ በሩን ሊያይ አይደለም። ይህን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወጥቶ የሚናገር ሰው ግን ኋላ ቀር ይባላል። እዚያ ሰው ሁሉ ሥራው በር ነው፤ በሩ በስተግራ ይከፈት ወይስ በስተቀኝ፣ እጀታው ክብ ይሁን ወይስ ረጅም እያሉ ሲጨነቁ ይውላሉ።

የአንደኛው ድርጅት ብራውዘር ስሙ «ቀዳሚ» ነው። የሁለተኛው «ብቸኛ»። ስም ያወጣላቸው ሰው ሲቀልድ አልነበረም፤ ከልቡ ነው። ቀዳሚን የሚመራው ሰውዬ ሲተኛም ከረባቱን የሚፈታ አይመስለኝም፤ እኔ ባለከረባቱ እለዋለሁ። ብቸኛን የምትመራው ሴት ደግሞ ሙቀት ሆነ ብርድ ሻርፕ ካንገቷ አይወርድም፤ እሷ ባለሻርፗ ናት። ሁለቱም ደንበኞቼ ናቸው፤ የሁለቱንም ወገብ አውቀዋለሁ፤ የአንዳቸውንም ሐሳብ ግን ከሌላው ለይቼ አላውቅም።

በሁለቱም ድርጅት ውስጥ ከሁሉ የተከበረው ክፍል «የጎረቤት ጥናት ክፍል» ይባላል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ክፍል ነበረ አሉ። ኋላ ሌላው ክፍል ሁሉ ሲቀና ሲቀና እሱ ውስጥ ገብቶ አለቀ። አሁን የቀዳሚ ሠራተኛ ጠዋት ይገባል፣ ወንበሩን ያስተካክላል፣ ብቸኛን ይከፍታል፣ እስኪመሽ በብቸኛ ይሠራል። የብቸኛ ሠራተኛም ይገባል፣ ወንበሩን ያስተካክላል፣ ቀዳሚን ይከፍታል። የቤቱን ብራውዘር ከፍቶ የተገኘ ሥራ ፈት ተብሎ ይገሠጻል። ደግ አሠራር ነው። ሰው የራሱን ጉድፍ የሚያይበት ጊዜ እንዳያገኝ ተደርጎ የተደራጀ መሥሪያ ቤት እንደዚያ ያለ አላየሁም።

አንድ ቀን ባለከረባቱ ኮት ሊለካ ወረደ።

«እትዬ፣ ነገ ታሪክ ይሠራል» አለኝ።

«ትንፋሽዎን አይያዙ፣ ልኬቱ ይዛባብኛል» አልኩት።

«የሚከፈቱት ገጾች እስከ ዛሬ ከላይ ነበር የሚደረደሩት። ከነገ ጀምሮ በጎን ይደረደራሉ።»

«ለምን?»

«ብቸኛ በጎን አድርጎታል።»

«እና ተመቻቸው?»

«እሱን አላጠናንም። ያጠናነው ማድረጋቸውን ነው።»

በማግስቱ ታሪክ ተሠራ። በሳልስቱ ባለሻርፗ ቀሚሷን ልታሳጥር መጣች። ወንበር ላይ አቁሜያት፣ መርፌ በአፌ ይዤ ጫፉን እያጠፍኩ ሳለ ፊቷ ሲበራ አየሁ።

«እትዬ፣ ዛሬ ታላቅ ቀን ነው። ገጾቹን ከጎን አንስተን ወደ ላይ ወሰድናቸው። ቀዳሚን ብዙ ጊዜ አጥንተን ነው። እነሱ ከላይ ነው የሚደረድሩት።»

መርፌውን ከአፌ አወጣሁ። «ቀዳሚማ ትናንት ወደ ጎን ወሰደው።»

ሴትየዋ ከወንበሩ ወረደች ማለት አይበቃም፤ ወደቀች ማለትም ይበዛል፤ ብቻ ሳያት ደረጃው ላይ ነበረች። ግማሹ ጫፍ ታጥፎ፣ ግማሹ ተንጠልጥሎ፣ መርፌዎቼ እንደተሰኩ ስብሰባ ገባች። ስብሰባው ውስጥ መርፌ የወጋው ሰው ካለ ያ ሰው በዚያ ፎቅ ላይ የነቃ የመጀመሪያው ሰው ነው።

የካኒቴራውንም ነገር ልናገር። ቀዳሚ ለሠራተኞቹ በሙሉ ካኒቴራ አዘዘኝ፤ ጀርባው ላይ «ማንንም አንከተልም» ተብሎ እንዲጻፍ። ጨርሼ ሰጠሁ። በማግስቱ ብቸኛ ካኒቴራ አዘዘኝ። ጀርባው ላይ ምን ይጻፍ ብዬ ብጠይቅ «እኛም ማንንም አንከተልም» አሉኝ።

እኔ በዚህ ሁሉ ምንም ቅሬታ አልነበረኝም። ሁለት ሞኝ ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ ሥራ አያጣም። ነገሩ እኔ ቤት እስኪገባ ድረስ ማለቴ ነው።

ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ስኳር ዓይኑን ወሰደበትና መሪውን አስጣለው። ከዚያ በኋላ ከሱቄ በስተኋላ ካለችው ክፍላችን አልጋው ላይ ወጣና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ብላ ሲሉት ይበላል፣ ሲያናግሩት «እህ» ይላል። ጎረቤት ሊጠይቀው ይመጣል፣ ጀርባውን ጠይቆ ይመለሳል። እንዲያ ሆኖ ክረምት ወጣ፣ በጋ ገባ። ያን ጊዜ ልጃችን አሮጌ ኮምፒውተሯን ሱቁ ውስጥ አስቀመጠችና «አባዬ፣ ና እስኪ ይቺን ቁልፍ ንካ» አለችው። ነካ። ኮምፒውተሩ ጋዜጣ አነበበለት።

ቀዳሚ ላይ የነበረ ነገር ነው። አንዷን ቁልፍ ሲጫኑ የተጻፈውን በሙሉ ጮክ ብሎ ያነባል። ድምፁ የወጣት ሴት ነው፤ ውሃ የመሰለ፣ የማይደናቀፍ። ባለቤቴ «ልጅቷ» ይላታል። በማግስቱ ሳይቀሰቅሱት ተነሣ፤ በሁለተኛው ቀን ጢሙን ተላጨ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ሱቄ ውስጥ ከማሽኑ ጎን ይቀመጥና ከልጅቷ ጋር ይጣላል።

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?» ይላታል። «ያ መንገድ ተጠግኗል? እኔ ሃያ ጎማ አፍንድቼበታለሁ! የጠገነው ሰው ስሙ ማነው? ስሙን ንገሪኛ!»

ልጅቷ አትቆጣም፤ ወደሚቀጥለው ዜና ታልፋለች። እውነቱን ለመናገር ቅር ይለኝ ነበር። እሷ ስታወራ ትንፋሹን ውጦ ይሰማል፤ እኔ አንድ ነገር ልንገርህ ስለው «ቆይ፣ ዜና ላይ ነኝ» ይለኛል። ግን ፊቱ ከግድግዳው ተመልሷል፤ ከተመለሰ ለማንም ይመለስ ብዬ ቻልኩት።

አንድ ጠዋት ቁልፏን ነካ። ዝም። ደግሞ ነካ። ዝም።

«አንቺ፣ ልጅቷ ዝም አለች።»

«ትናንት ሰድበሃታል፤ ተቀይማ ይሆናል» አልኩት ለቀልድ።

አልሳቀም። መቀሴን አስቀምጬ ኮምፒውተሩ ላይ አፈጠጥኩ። ምልክቷ ከቦታዋ የለችም። መሐል ላይ የአበባ ሥዕል አለ፣ ከሥሩ ጽሑፍ አለ። ለቀምኩት። «እን-ኳን ደ-ስ አለ-ዎት፣ ቀዳ-ሚ ታድ-ሷል» ይላል።

ባለቤቴ ዱላውን ዳብሶ አነሣና መጋረጃውን ገልጦ ወደ ውስጥ ገባ። አልጋው ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። ብገባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። በማግስቱ ጢሙን አልተላጨም፤ በሳልስቱ ምሳውን «አስቀምጪው» አለኝ። ያቺን ቃል አውቃታለሁ። ዓይኑ የጠፋ ጊዜ የጀመረው በእሷ ነው።

እኔ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ከሚባልላቸው ሰዎች ነኝ፤ ወረቀቷን አይደለሁም። ሜትሬን ካንገቴ ሳላወርድ ሁለተኛ ፎቅ ወጣሁ።

ባለከረባቱ በክብር ተቀበለኝ። ወንበር ሰጠኝ፤ አልተቀመጥኩም።

«ያቺን የምታነበውን ነገር ለምን አነሣችኋት?» አልኩት።

«እትዬ፣ ይህ ከባድ ውሳኔ ነበር። በጥልቀት ተጠንቶበታል።»

«ምን ተብሎ ተጠና?»

«ብቸኛ የለውም።»

ቀጣዩን ጠበቅኩ። ቀጣይ የለም።

«ብቸኛ ስለሌለው ነው ያነሣችሁት?»

«ቢጠቅም ኖሮ ይኖረው ነበር» አለኝ። ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ጥርጣሬ የሚባል ነገር የለም። እንዲያ ያለ እምነት ያለው ሰው ቤተ መቅደስ ውስጥ እንኳ አይቼ አላውቅም።

«ለባለቤቴ ይጠቅመዋል።»

«እሱንም አጥንተነዋል!» ብሎ ደስ አለው። እኔ መነጽሯ የምላትን ልጅ ጠራት። መነጽሯ የጎረቤት ጥናት ክፍል ኀላፊ ናት፤ ልጅ እግር፣ ትሑት፣ ከመነጽሯ በስተኋላ ዓይኗን ለማየት ጊዜ የሚፈጅ። «ጮክ ብሎ ማንበቢያውን ስንት ሰው ይጠቀም ነበር?» አላት።

«አንድ ኮምፒውተር» አለች።

«አንድ! በመቶኛ ሲሰላስ?»

«ዜሮ።»

«ይኸውልዎት እትዬ» አለኝ አዝኖ። «ዜሮ ነው።»

«ዜሮ ምድር ቤት ግድግዳ እያየ ተኝቷል» አልኩት። «ምሳውን አልበላም።»

ባለከረባቱ ራሱን ነቀነቀ፤ ከልቡ ማዘኑን አልጠራጠርም። ከዚያ ግን የራሱን ኀዘን አወጣብኝ። «እኛም ቀላል ጊዜ ላይ አይደለንም። የብቸኛ ተጠቃሚ በየጊዜው እየጨመረ ነው። የጥናት ሰው ቀጠርን፣ ጨመረ። እንደገና ቀጠርን፣ ጭራሽ ጨመረ! ምን እንደሚያደርጉ እንጃ።»

ዞር ብዬ ክፍሉን አየሁት። ረድፍ በረድፍ ወጣቶች ተቀምጠዋል፤ ጀርባቸው ላይ «ማንንም አንከተልም» ይላል፤ ፊት ለፊታቸው ያለው ሁሉ ብቸኛ ነው።

«ተጠቃሚዎቹ እናንተው አይደላችሁ እንዴ?» አልኩት።

«እኛ?» ብሎ ሳቀ። «እኛ ተጠቃሚዎች አይደለንም እትዬ። አጥኚዎች ነን።»

ከዚያ ወጥቼ ኮሪደሩን ተሻገርኩና የብቸኛን በር አንኳኳሁ። ባለሻርፗ ራሷ ከፈተችልኝ። ነገሬን ስነግራት ደረቷን ይዛ ዐይኗ እንባ አቀረረ።

«እትዬ፣ እኛ እኮ ልናስገባው ነበር! ጮክ ብሎ ማንበቢያ። ቀዳሚ ስላለው ሌት ተቀን ሠርተን አልቆ ነበር። ልናወጣው ስንል ቀዳሚ አነሣው።»

«አልቆ ከነበረ ለምን አታወጡትም?»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ቢያዩበት ነው እንጂ ዝም ብለው አያነሡትም።»

«ምን አዩበት?»

«እሱን እያጠናን ነው።»

«እኔ ልንገርሽ ልጄ። ያነሡት እናንተ ስለሌላችሁ ነው።»

ትከሻዬን በፍቅር መታ መታ አደረገችው። «እትዬ ሙች የዋህ ነሽ። ድርጅት እንደዚያ አይሠራም።»

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ግራና ቀኝ አየሁ። የሰፋኋቸው ሁለት ኮቶች ቢሆኑ እዚያው ፈትቼ እንደገና እገጥማቸው ነበር። ሰው ግን አይፈታም። እኔም ደግሞ ማንበቢያው ካልተመለሰ ላላርፍ ለራሴ ምያለሁ። ወደ ምድር ቤት ወርጄ መጋረጃውን ገለጥኩ።

«ተነሥ።»

«ተዪኝ።»

«ሁለተኛ ፎቅ ላይ የምትሰድበው ሰው አግኝቼልሃለሁ።»

ፊቱን ከግድግዳው መለስ አደረገ። «ስንት ናቸው?»

«ሁለት ቤት ሙሉ።»

ተነሣ። ዱላውን አቀበልኩት። እሱ በአንድ እጁ ትከሻዬን ይዞ፣ እኔ ሁለት ዱካና ጋዜጣ ተሸክሜ ወጣን፤ ኮሪደሩ መሐል፣ ከሁለቱ በሮች እኩል ርቀት ላይ ዱካዎቹን ዘርግቼ ተቀመጥን። ሥራቸውን የማይሠሩ ከሆነ እኔ በራቸው ላይ ተቀምጬ ልሠራው ነው። ጋዜጣውን ገለጥኩ፤ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፤ በስፌት መኪና ላይ በምጮህበት ድምፄ ጀመርኩ።

«የ... መን... ገ... ዶች... ባለ... ሥል...»

«ባለሥልጣን በዪና ጨርሺው!»

«ቆይ አንተ፣ ገና ጣን ላይ አልደረስኩም። ጣን። ባለሥልጣን። እን... ደ... ገ... ለ... ጸው...»

«ምን አለ? ምን ገለጸ?»

«አትቸኩል፣ እየገለጸ ነው። የ... መሠ... ረ... ተ... ል...» ያ ቃል ጫፉ አይታይም፤ መስመሩን ሙሉ ይዞታል። «ይሄ ረጅም ቃል ነው፣ አይጠቅምህም» ብዬ ዘለልኩት።

«እንዴት አይጠቅመኝም? ዋናው ነገር እሱ ቢሆንስ?»

«ዋና ነገር አጭር ነው። ደግሞ ፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ ኮቱ ጠቦታል፣ እጅጌው ላይ ተሸብሽቧል። እንዲህ ያለ ሰው የሚያወራውን ምን ታደርገዋለህ?»

ባለቤቴ በዱላው ወለሉን መታና ጮኸብኝ፤ እኔም ጮኽኩበት። ፊቱ ቀላ። ሰው ሆነ።

ግራውም ቀኙም በር ገርበብ አለ። በየክፍተቱ ዓይን ነበረ። ትንሽ ቆይቶ መነጽሯ እግሯን እየሰረቀች መጣችና አጎንብሳ «እትዬ፣ ማን ነው የቀጠረዎት?» ብላ አንሾካሾከች።

«ይሄ ነዋ» ብዬ ባለቤቴን አሳየኋት።

ባለቤቴም ቀበል አድርጎ «ተቀጥራ አይደለም፤ ከማባረር ተስፋ ቆርጬ ነው» አላት።

መነጽሯ ይህን በጥሞና ሰምታ ተመለሰች። በሩን ስትገባ ሳትዘጋው ቀረች፤ ስለዚህ የሚባለውን ሁሉ ሰማን።

«ብቸኛ ጀምሯል!» ይላል ባለከረባቱ። «በራቸው ላይ እያስሞከሩት ነው፣ ያውም በሰው ላይ!»

«ሴትየዋ እኮ ምድር ቤት ያሉት ልብስ ሰፊ ናቸው» አለች መነጽሯ።

«ጥበባቸው እሱ አይደል! ማን ልብስ ሰፊ ይጠረጥራል? እስቲ አዳምጪ። ሰምተሻል? የእኛ ድምፅ ያለ ማቋረጥ ነበር የሚያነበው። የእነሱ ይቆማል፣ ያስባል፣ የማይጠቅመውን ቃል ራሱ መርጦ ይዘላል፣ በፎቶው ላይ አስተያየት ይሰጣል። በመንተባተብ ተቀድመናል!»

በወዲያኛው በር ደግሞ የባለሻርፗ ድምፅ መጣ። «ቀዳሚ የድሮውን ያነሣው ለካ ለዚህ ነው! ብዬ አልነበር? ዝም ብለው አያነሡም ብዬ አልነበር?» የሠራተኞቿ ጭብጨባ ተከተለ።

ባለቤቴ ጆሮውን አቁሞ ከሰማ በኋላ ወደ እኔ ዘንበል አለ። «አንቺ፣ እነዚህ ሰዎች ጤነኛ ናቸው?»

«አጥኚዎች ናቸው» አልኩት።

እንዲያ እየወጣን ሰነበትን። ጠዋት ጠዋት ዱካችንን ይዘን እንወጣለን፣ አነባለሁ፣ ይጣላኛል፣ ገርበብ ባለው በር ሁሉ ሰዎች ይሰሙናል፤ አንዳንዶቹ የማሰማውን ድምፅ እየደጋገሙ ሲለማመዱ እሰማለሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት ኮምፒውተራችን ላይ ያ አበባ ተመልሶ መጣ። በዚያችው ጠዋት ብቸኛም አበባ አውጥቶ ነበር፤ በአበባው ቅጠል እንኳ አልተለያዩም። ባለከረባቱ ምድር ቤት ድረስ ወርዶ ንግግር አደረገልን። በሰው ልጅ የንባብ ታሪክ አዲስ ምዕራፍ ተከፍቷል አለ፤ ማንንም ሳንከተል አለ፤ ለአንድ ሰው እንኳ ቢሆን ዋጋ እንሰጣለን አለ። ባለቤቴ ቁልፏን ዳብሶ ነካ።

«የ... መን... ገ... ዶች...» አለ ኮምፒውተሩ። የመካከለኛ ዕድሜ ሴት ድምፅ ነው፤ ከየት እንዳመጧት እግዜር ይወቅ፣ ጉንፋን የያዘኝ ቀን ያለውን ድምፄን ቁርጥ ነው። «... ባለ... ሥል... ቆዩ፣ ገና ጣን ላይ አልደረስኩም... ይሄ ረጅም ቃል ነው፣ አይጠቅምዎትም።»

ሌላ ዜና ነካ። ስለ ዝናብ ነበር። «... ደመና... ማ... ሰውዬው ኮቱ ጠቦታል» አለ ኮምፒውተሩ። ሰውዬ የሚባል ዜናው ላይ አልነበረም።

ባለከረባቱ እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ይጠብቃል። እኔ መቀሴን ይዤ የባለቤቴን ፊት አያለሁ። ልጅቷ አልተመለሰችም፤ የምትመለስም አይመስልም። አሁን ዱላውን ያነሣል፣ አሁን መጋረጃውን ይገልጣል እያልኩ ነው። እውነትም ዱላውን አነሣ። ግን በዱላው ጫፍ ኮምፒውተሩን ገፋ አደረገው።

«ይቺንማ ቤት አለችኝ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ዱካዬን አምጪ። ያ ኮቱ የጠበበው ሰውዬ ትናንት ምን ላይ ነበር ያቆመው?»

መጋረጃው ሳይገለጥ ዋለ። እንዲህ ሆኖ ያ ሥራ በእኔ ትከሻ ላይ ቀረ። አንድ ዓይኔ ጨርቅ ላይ፣ አንድ ዓይኔ ጋዜጣ ላይ ነው፤ አጥኚዎቹ ደግሞ ሱቄ ደጃፍ ቆመው ይሰሙናል። እሱ ያቋርጠኛል፣ ያርመኛል፣ «ደግመሽ በዪው» ይለኛል፤ የዘለልኩትን ቃል መልሶ ያስይዘኛል። እልኸኛ ነኝና ለእሱ ስል ሳይሆን እሱን ለማሸነፍ ስል ተማርኩት። ረጅሙም ቃል እያጠረልኝ መጣ። አንድ ቀን አንድ ሙሉ ገጽ ሳልደናቀፍ ጨረስኩ፤ እሱም የሚያርመው ነገር አጥቶ የጋዜጣውን ጸሐፊ ሲሳደብ ዋለ።

በማግስቱ ባለከረባቱና ባለሻርፗ ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ጎን ለጎን። ሁለቱ ሰዎች አንድ ላይ ሲሄዱ ያን ቀን ነው ያየሁት። የሞተ ሰው ያለ መስሎኝ ከመኪናዬ ተነሣሁ።

«እትዬ» አለ ባለከረባቱ፣ ድምፁ ደክሟል፣ «ትናንት ‹የመሠረተ ልማት ዝርጋታ› የሚለውን ሳያቋርጡ አንብበዋል።»

«አዎ፣ አነበብኩት።»

«ይዘሉት አልነበር እንዴ?»

«እዘለው ነበር። አሁን አልዘለውም።»

ሁለቱ ተያዩ። «ይሄ ትልቅ ችግር ነው» አለች ባለሻርፗ። «የእኛም የእነሱም ይዘለዋል። ጥናታችን ልዩነት አሳይቷል። እኛ ከቀየርን እነሱ ወደ ኋላ ይቀራሉ ብለን ሳይሆን፣ እነሱ ካልቀየሩ እኛ ብቻችንን እንቀራለን ብለን ነው የምንሰጋው።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግላችሁ?»

«ወይ ወደ ቀድሞው ንባብዎ ይመለሱ» አለ ባለከረባቱ፣ «ወይ መቼ መቼ እንደሚታደሱ አስቀድመው ያሳውቁን። አሁን ያሉት ስንተኛው ዕትም ላይ ነው?»

መቀሴን በዓይኔ ፈለግኩ። ባለቤቴ ዞር አለ። ከዱካው ላይ ሳይነሣ፣ በሌሉ ዓይኖቹ ሁለቱን አንድ በአንድ ያያቸው መሰለ።

«ልጆች፣ በከንቱ አትልፉ» አላቸው። «እሷ አትታደስም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሞክሬያት ነው።»

እኔ መቀሱን ሳነሣ ሁለቱ ቀስ ብለው ወደ ደረጃው አፈገፈጉ። ሲወጡ ግን ፊታቸው ላይ የነበረው ጭንቀት ጠፍቶ፣ ተቀናቃኝ የሌለው ሐሳብ ያገኘ ሰው የሚያሳየው ዓይነት ብርሃን ነበረበት።

በነጋታው ሁለቱም ድርጅቶች በጋዜጣ ላይ በትልልቁ አስነገሩ፤ አንድም ቃል ሳልዘል ለባለቤቴ አነበብኩለት። ቀዳሚ ከእንግዲህ አይታደስም። ብቸኛም ከእንግዲህ አይታደስም። አለመታደስ የዘመኑ የመጨረሻው ግኝት ነው፤ ይህን ግኝት ከማንም ሳይወስዱ ራሳቸው አግኝተውታል። ማን ቀድሞ እንዳቆመ ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ ጉዳዩን ሁለቱም የጎረቤት ጥናት ክፍሎች ተጨማሪ ሰው ቀጥረው እያጠኑት ነው።